«አክስትሽ ለዲኗ ብላ ነው የተወችው»



ውድ እህትና ወንድሞቼ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። ውስጡ የኔ ውሸት ስላለበት ነው። አላህ የሸፈነልንን ነገር እኛው ገላልጠን እንዳናወራ መማራችንን አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ ውሸት እኔ ጋ ብቻ አልቀረም፤ 17 ዓመት ቆይቶ የሌላ ልጅ መንገድ ላይ ቆመ። ስለዚህ ለሚጠቅመው ሰው ይጥቀም ብዬ ጻፍኩት።

የምኖረው ሰበታ ነው። ዓለም ገና አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ጅልባብ፣ ዐባያ፣ የመድረሳ ልጆች ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ዒድ ሲደርስ ደግሞ እንቅልፍ የለም። ታላቅ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ቡራዩ ነው ያለው። የመጀመሪያ ልጁ 15 ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋ መጥታ ትሰነብታለች። «እቴቴ» ነው የምትለኝ።

አንድ ቀን ዙህር ሰግጄ ስመለስ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አዲሱን ጥቁር ሂጃቧን በመቀስ ለሁለት ሰንጥቃዋለች። ለዒድ የገዛሁላት ስለሆነ ተናደድኩ።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

«እቴቴ አትቆጪኝ፤ ላስተካክለው ነው። የሚንጠለጠል ነገር መኖር የለበትም። ስፒልም አይቻልም።»

«ማን ነው አይቻልም ያለሽ?»

ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። በራሷ የእጅ ጽሑፍ ተራ በተራ አስፍራዋለች። የራስ መሸፈኛው የፊትን ክፍል መሸፈን የለበትም። ለባሿንም ሌላውን ተጫዋችም የሚጎዳ መሆን የለበትም። በፊትና በአንገት ዙሪያ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አይኖረውም። ከላዩ ተርፎ የሚወጣ ነገር አይኖረውም። ቀለሙ ጥቁር፣ ነጭ ወይም ዋናው የማሊያው ቀለም ይሆናል፤ የቡድኑ ልጆች የሚለብሱት ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ቀለም መሆን አለበት።

የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊባ የሚባለው፣ ያወጣው ደንብ ነው። ልጅቷ ከ19 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ቪዲዮ ስታይ «በሂጃብ ይቻላል ወይ?» ብላ ፈልጋ አገኘችው።

እኔ ግን ደብተሩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ሐሳቤ ወደ 2001 ዓ.ም. ሄዶ ነበር።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ አንድ ሜዳ ነበር፤ ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ ከሁለቱ ቅርጫቶች የአንዱ ብረት የጎበጠ። የስፖርት አስተማሪያችን ስድስት ሴቶችን ሰብስቦ ቡድን አደረገን። እኔ ቁመቴ አጭር ነው፤ ግን ኳስ ሳነጥር እጄን አላይም ነበር። በሰፊ ሱሪ፣ በረጅም እጅጌ ሸሚዝና በሂጃብ ነው የምጫወተው። ከሜዳው ጓደኞቼ አንዷም ቀን «ለምን» ብላኝ አታውቅም።

ከከተማ ወጥተን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር የተጋጠምን ቀን ግን ዳኛው ከመጀመራችን በፊት ወደ እኔ መጣ። «ይሄንን አውልቂ፤ ካልሆነ ውጪ» አለኝ። አስተማሪያችን ለመነው። አይሆንም አለ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ እጄ ወደ ስፒሉ ሄዶ ነበር። ነቅዬው ነበር ማለት ይቻላል። ፊሽካው ተነፋ፣ አምስቱ ልጆች ገቡ፣ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ተሸነፍን። አንዷ ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ እያነከሰች ጨረሰች፤ የሚተካት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ሜዳው አጠገብ አልደረስኩም። አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) ለምን እንደተውኩ ሲጠይቁኝ የሆነውን መናገር አፈርኩ። «ለዲኔ ብዬ ነው የተውኩት» አልኳቸው። አባታችን እንባቸው መጣ። ግንባሬን ሳሙኝ። በዚያው ሳምንት ለጎረቤቱ ሁሉ ነገሩ። ታላቅ ወንድሜም ሰማ። እኔም ምስጋናው ጣፈጠኝና ዝም አልኩ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ለዲኔ ብዬ የተውኩት ነገር አልነበረም። አባረሩኝ፤ ተዋረድኩ፤ አኮረፍኩ። ቢፈቀድልኝ ኖሮ በማግስቱ እዚያው እገኝ ነበር።

ያንን ዳኛ ለብዙ ዓመት በልቤ ይዤዋለሁ። ለሃይማኖቴ ባለው ጥላቻ ያደረገው ነበር የሚመስለኝ። የልጅቷን ደብተር ካየሁ በኋላ አብረን ስናነብ ነው ያልጠበቅኩትን ያወቅኩት። ያኔ የዓለም ደንቡ ራሱ በጨዋታ ላይ የራስ መሸፈኛ አይፈቅድም ነበር። ምክንያቱ ጉዳት እንዳያደርስ የሚል ነው። ሰውየው በተሰጠው ወረቀት ነው የፈረደው። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ እሱ የራሱ ነው። ደንቡን ያወጣው ግን እሱ አይደለም። በጥላቻ መጠርጠሬን አላህ ይቅር ይበለኝ።

ያ ደንብ ደግሞ የመታው እኔን ብቻ አልነበረም።

አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ የምትባል ከተማ አለች፤ ቅርጫት ኳስ የተፈለሰፈባት ከተማ ናት። እዚያ ያደገችው ቢልቂስ ዐብዱልቃዲር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨዋታዎች 3,070 ነጥብ አስቆጠረች። በዚያ ግዛት ታሪክ ወንድም ሆነ ሴት ያን ያህል ያስቆጠረ አልነበረም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በሂጃብና በረጅም ልብስ ተጫወተች። ተመርቃ አውሮፓ ሄዳ በሙያው ልትኖር ስታስብ ግን የፊባ ደንብ በሩን ዘጋባት። ሂጃቧን አላወለቀችም። እንጀራዋ ሊሆን የነበረውን ነገር ተወች። ስለ እሷ ሳነብ አፈርኩ። «ለዲኗ ብላ ተወች» የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ እንደ አውሮፓውያኑ መስከረም 2014፣ ደቡብ ኮሪያ ኢንቾን ላይ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች የኳታር ሴቶች ቡድን ከሞንጎሊያ ጋር ሊጋጠም ሜዳ ደርሶ ነበር። ሂጃባችሁን አውልቁ ተባሉ። አናወልቅም ብለው ጨዋታውን ጥለው ወጡ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ቢልቂስና ሌሎች እህቶችም ፊርማ እያሰባሰቡ፣ ደብዳቤ እየጻፉ፣ በየመድረኩ እየተናገሩ ቆዩ። ፊባ መጀመሪያ ለሙከራ በየአገሩ ውስጥ በሚደረጉ ጨዋታዎች ፈቀደ። በመጨረሻም ሚያዝያ 26 ቀን 2009 ዓ.ም. ሆንግ ኮንግ ላይ በተደረገው ጉባኤ ደንቡ ተቀየረ፤ ከመስከረም 21 ቀን 2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የወንድሜ ልጅ ያኔ ገና ኬጂ ነበረች። እሷ ኳስ መያዝ ሳትጀምር ሌሎች እህቶች በሩን ከፍተውላት ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«እቴቴ፣ አባዬ ግን እምቢ ብሎኛል። ‹አክስትሽ እንኳ ያን ያህል እየቻለች ለዲኗ ብላ ነው የተወችው› አለኝ።»

ምን ይባላል? ሱብሃነላህ! አንድ ልጅ ከእፍረት ለማምለጥ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር 17 ዓመት ሲዞር ቆይቶ ተመልሶ መጣ። በዚያ ላይ የመጣው ማስረጃ ሆኖ ነው።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ቡራዩ ሄድኩ። ከሰበታ ቡራዩ በካርታ ሲያዩት ጎረቤት ነው። በታክሲ ግን አየር ጤና ገብተህ፣ ኮልፌን አቋርጠህ፣ አስኮ ወጥተህ ነው። ሱሉልታ ለመሄድ ደግሞ አዲሱ ገበያ ደርሰህ እንጦጦን ታልፋለህ። ከ2015 ጀምሮ ሦስቱም ሸገር ከተማ በሚል አንድ ስም ተጠቃለዋል፤ መንገዳቸው ግን ዛሬም አዲስ አበባን አቋርጦ ነው። መንገድ ላይ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ነበር። ደረስኩና ምሳ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ፣ ልጆቹ ወጡ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ስፒሉን ሳልቀር።

ወንድሜ ስኒውን አስቀምጦ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አባታችን ሳያውቁ ሞቱ» ብቻ አለ። ይህ ቃል እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ትንሽ ቆይቶ ግን እንዲህ አለኝ፦ «እሺ፤ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ሆነ። እኔ ግን የምሰጋው ያንቺን ታሪክ ብዬ ብቻ አይደለም።» ስጋቱን ዘረዘረ። ልብሱ። አሰልጣኙ ወንድ መሆኑ። ግንብ ተደግፈው የሚያዩት ጎረምሶች። የሶላት ሰዓት። ለውድድር ከቤት ርቆ ማደር። «ልጄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» አለ።

ወንድሞችና እህቶች፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንሳሳት ይመስለኛል። አንዳንዶቻችን አባትየው ስጋቱን ሲናገር «ኋላ ቀር» እንለዋለን። ሌሎቻችን ልጅቷ ስትጠይቅ «ዱንያ አታሏታል» እንላለን። ወንድሜ ኋላ ቀር አይደለም፤ ልጁን የሚወድ አባት ነው። ልጅቷም አልተታለለችም፤ ሂጃቧን እንደያዘች እንዴት ልጫወት ብላ ነው ደንብ ስትገለብጥ የዋለችው።

ደግሞ ስጋቱ ባዶ አይደለም። ከ19 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ከአፍሪካ ትልቁን ስም ያላት ማሊ ናት። ማሊ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ አገር ናት። ልጆቹ አብዛኞቹ የሚጫወቱት ያለ ሂጃብ ቢሆንም፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሀንጋሪ ደብረጸን ከተማ ላይ በተደረገው ውድድር ከዓለም አራተኛ ሆኑ። ልጅቷ በቪዲዮ ስታያቸው የነበሩት እነሱን ነው። ነገር ግን በዚያው ክረምት ሂዩማን ራይትስ ዋችና ኒው ዮርክ ታይምስ በማሊ ወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ በአሰልጣኞች ስለደረሰ ወሲባዊ ጥቃት አጋለጡ። የወጣት ሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ታሰረ፤ ተከሰሰ። ይህንን ለወንድሜ ያሳየሁት እኔው ነኝ። ብደብቀው ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል ብዬ ነው። አንብቦ ሲጨርስ «አየሽ?» አለኝ። «አየሁ» አልኩት። «ግን ልጆቹ ምን አጠፉ? ጥፋቱ ያለ ጠባቂ መተዋቸው ነው።»

በመጨረሻ ሁለታችንም የምናምነው ኡስታዝ ጋ ሄደን እንጠይቅ ተባባልን።

ኡስታዙ ሁሉንም በጥሞና ሰሙ። ስለ ጨዋታው ራሱ ሲናገሩ፣ ሰውነትን የሚያጠነክር ጨዋታ በመሠረቱ የተፈቀደ መሆኑን፣ ነገሩን የሚቀይሩት አብረውት የሚመጡት ነገሮች መሆናቸውን አስረዱን። ዐውራ ይሸፈን፤ ልብሱ አይጥበብ። ከወንድ ጋር መቀላቀልና ብቻ ለብቻ መሆን ይቅር። ሶላት አይለፍ። ቁማር አይግባበት። ሕይወቷን ሁሉ ጠቅልሎ አይውሰድባት። ነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ከእናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ጋር የሮጡበትን ታሪክም አነሱልን። መጀመሪያ እሷ ቀደመች፤ ከጊዜ በኋላ እሳቸው ቀደሙና በፈገግታ ያኛውን በዚህኛው አጣጡት። ይህን ስንሰማ ስንት ጊዜያችን ነው! ግን ሁልጊዜ የምንሰማው የባልና ሚስት ፍቅር ሲነሳ ነው። ኡስታዙ ደግሞ «ልብ በሉ፣ እናታችን መሮጥ የምትችል ነበረች፤ መቅደምም የምትችል ነበረች» አሉን።

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረው አንድ ጥያቄ ጠየቁት። «ልጅቷ የዓለም ዋንጫ ልሂድ ብላ ጠይቃሃለች?»

«የለም፤ ትምህርት ቤት ልጫወት ነው ያለችው።»

«ታዲያ ስለ ዛሬው እናውራ። ዛሬ የት ትጫወት? ከማን ጋር? ማን ይጠብቃት? እነዚህን ሦስቱን ከመለሳችሁ ለዛሬ ይበቃችኋል። የነገው ሲመጣ የነገውን እንጠይቃለን።»

ወንድሜ ከዚያ ሲወጣ ፊቱ ቀለለው።

የዓለም ዋንጫው ለእኛ ልጆች ምን ያህል ሩቅ እንደሆነም ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ ከ19 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ተሳትፋ አታውቅም። ለመድረስ መጀመሪያ እነ ግብፅ፣ ሩዋንዳ፣ ዩጋንዳና ኬንያ ያሉበትን የአፍሪካ ዞን 5 ማጣሪያ ማለፍ፣ ከዚያ የአፍሪካን ውድድር መግባት፣ እዚያም ከቀዳሚዎቹ መሆን ያስፈልጋል። እኛ ሰፈር ያለው ሜዳ ደግሞ ያ የተሰነጣጠቀው ሲሚንቶ ነው። ሙሉ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ ቅርጫቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር። ሦስት ለሦስት በሚባለው አጨዋወት ግን አንድ ቅርጫትና ግማሽ ሜዳ ይበቃል። ይህን ያህል ቦታ ብዙ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አለ።

ሱሉልታ ደንበኞች አሉኝ። ጠዋት ሄጄ ልብስ ሳደርስ ሜዳው ላይ የሚሮጡ ሴቶችን አያለሁ። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚያ ነው። ሴት ልጅ ስትሮጥ ማንም አይገርመውም፤ ሩጫ የአገሩ ልማድ ሆኗል። ግን መጀመሪያ ለምን ልማድ ሆነ? ከፊት የሄዱ ስለነበሩ ነው። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ ናት። ፋጡማ! ስሟ ራሱ የኛ ነው። ከዚያ በኋላ ቦስተንን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። ለልጆቻችን ስሟን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል?

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድ ሮጣ የፓሪስ ማራቶንን አሸነፈች። ሜዳሊያዋን ልትቀበል የወጣችው ሂጃብ ለብሳ ነው። ያውም ፈረንሳይ የራሷን ስፖርተኞች በኦሊምፒኩ ሂጃብ እንዳይለብሱ ከልክላ ባለችበት! የፈረንሳይ ሴቶች ጉዳይ ከቅርጫት ኳስም ጋር የተያያዘ ነው። ዲያባ ኮናቴ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ቡዌኖስ አይረስ ላይ በወጣቶች ኦሊምፒክ በሦስት ለሦስት ውድድር ለፈረንሳይ የብር ሜዳሊያ አምጥታ ነበር። አሜሪካ ለትምህርት ሄዳ ሂጃብ ለበሰች። ዓለም አቀፉ ደንብ ቢፈቅድላትም የአገሯ ፌዴሬሽን በራሱ ደንብ ከለከለ፤ በአገሯ ሊግ መጫወት ሳትችል ቀረች። ስለዚህ አንድ ደንብ በዓለም ተቀየረ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። እኛም በ2017 የአክሱም እህቶቻችን በሂጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲከለከሉ አይተናል። መብቱ የሚጸናው የሚያውቀውና የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነው።

አሁን የት ደረሳችሁ ለምትሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ወንድሜ ራሱ ትምህርት ቤቷ ሄዶ አናገረ። አንዲት ሴት አስተማሪ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ልያዝ አለች። ሜዳው በዚያ ሰዓት ለሴቶች ብቻ ሆነ፤ በሩ ይዘጋል። ዙህር ሳይደርስ ይበተናሉ። ከእናቶች አንዷ ሁልጊዜ ትኖራለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ልጆቹ ሰባት ናቸው፤ አምስቱ ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው።

ሂጃቡን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ስትዘል ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሁለተኛው ጠበበና ጆሮዋን አሳመማት፤ ጨርቁም ላብ አይመጥም ነበር። ለሦስተኛው መርካቶ ወርጄ የሚለጠጥና ስስ ያልሆነ ጥቁር ጨርቅ አመጣሁ። ላስቲኩን ግንባሩ ላይ ከውስጥ አስገባሁት፤ አንገቱን ከሸሚዙ ስር እንዲገባ ረዘም አደረግኩት፤ ስፌቱን ጠፍጣፋ አደረግኩት። ስፒል የለውም፤ የሚንጠለጠልም የለውም። ልጅቷ ለብሳው ሱቄ ውስጥ ዘለለች፣ ዞረች፣ ጎንበስ ቀና አለች። አልተነቃነቀም። ለአምስቱም አንድ ዓይነት ሰፋሁላቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አንዱንም ኳስ አላገቡም ማለት ይቻላል። ኳሱ ወደ እኔ ተንከባሎ ሲመጣ አንስቼ ሁለት ጊዜ አነጠርኩት። እጄ አልረሳውም ነበር። ልጅቷ «እቴቴ ነይ ግቢ!» አለችኝ። አልገባሁም፤ ጉልበቴም አይችልም። ግን ያ ለዓመታት የያዝኩት ኩርፊያ እዚያው ለቀቀኝ።

ወንድሞችና እህቶች፤ ከዚህ ተነስቼ ጥቂት ነገር ላሳስብ፦

1. ልጆቻችሁ ስፖርት ሲጠይቋችሁ ከ«አይሆንም» በፊት «የት? ከማን ጋር? ማን ይጠብቃል?» በሏቸው። መልሱ ካልተገኘ ያኔ መከልከል ይቻላል። ምክንያቱን ስታስረዷቸው ደግሞ ይቀበሏችኋል።

2. እናቶችና አክስቶች፤ ልጁ ባለበት ቦታ ተገኙ። በር ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት የምትከላከለው ክፉ ነገር ብዙ ነው። ልጃችሁ ስለ አሰልጣኝ ወይም ስለ አስተማሪ የሚረብሽ ነገር ከነገረቻችሁ አትቆጧት፤ አምናችሁ ስሟት።

3. የስፖርት ትምህርት የተማራችሁ እህቶች፤ እናንተ እጅግ ታስፈልጉናላችሁ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትሰጡ ብዙ አባት ስጋቱ ይቀንስለታል።

4. የመስጂድ ጀመዓዎችና የወጣት ኮሚቴዎች፤ ለወንዶቹ የእግር ኳስ ውድድር እንደምታዘጋጁት ሁሉ ለሴቶቹም የተከለለ ቦታና ሰዓት አስቡላቸው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሉ ልጆች በዓመት አንድ ቀን ቢገናኙ ከባድ አይደለም።

5. ልጃችሁን በሂጃቧ ምክንያት ከሜዳ የሚያስወጣ ሰው ካጋጠማችሁ አትጩሁበት፤ ደንቡን አሳዩት። የዓለም አቀፉ ደንብ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ይፈቅዳል። ምናልባት እንደ እኔ ዳኛ አሮጌውን ወረቀት ይዞ ይሆናል።

6. ይህ የመጨረሻው ለራሴም ነው። ሰው በሌለን ነገር ሲያመሰግነን ዝም አንበል። ዲናችንን ለእፍረታችን መሸፈኛ አናድርገው። ለአላህ ብለን የተውነውን አላህ ያውቀዋል፤ ተገደን የተውነውንም ያውቀዋል።

ልጅቷ ኢንሻአላህ የዓለም ዋንጫ ትደርስ እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ የምመኝላት ሂጃቧንም ኳሷንም ይዛ፣ ማንንም ሳትዋሽ እንድታድግ ነው።

ያ አላህ! ሴት ልጆቻችንን ከክፉ ሰውና ከክፉ ቦታ ጠብቃቸው። ጤናና ብርታት ስጣቸው። አባታችንንና ያለፉትን ሁሉ እዘንላቸው። በአንደበታችን ያጠፋነውን ይቅር በለን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ